እንግድነትና ዋጋው

ሰው ላደረበት አልጋና ለበላው ምግብ ዋጋውን ቈጥሮ ከከፈለ በኋላ ለአሳዳሪው ሌላ ዕዳ ይቀርበታልን? ወይስ ሒሳቡ በተዘጋበት ሰዓት ባለቤትና እንግዳ አንዱ ከሌላው ምንም የማይጠባበቁ ሆነው ይለያያሉ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲመለከቱት የነጋዴና የደንበኛ ጉዳይ ይመስላል፤ ነጋዴና ደንበኛ ደግሞ ዕቃና ገንዘብ ከተለዋወጡ ወዲያ የሚያነጋግራቸው ነገር የለም። ነገር ግን ቋንቋችን ራሱ በዚህ መልስ የሚረካ አይመስልም። ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣውንም፥ መሽቶበት «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ከደጅ የቆመውንም፥ ከፍሎ የሚያድረውንም በአንድ ስም እንግዳ እንለዋለን። ደንበኛ የሚል ቃል ሳይታጣ ገንዘብ ይዞ የመጣውን አዳሪ እንግዳ ማለታችን የአነጋገር ልማድ ብቻ ነውን? ወይስ ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ግዴታ አለ?

ይህን ጥያቄ በደረቁ ከማንሣት ይልቅ ጉዳዩ ጐልቶ በሚታይበት በአንድ ስፍራ ላይ ቆሞ መመርመር ይሻላል። እኔ የመረጥሁት የአይስላንድን ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) በዚያ አገር ቫትናዮኩል የሚባል ታላቅ የበረዶ ግግር አለ፤ ስፋቱ ወደ 7,700 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ከደሴቲቱ ምድር ከመቶው ስምንት እጅ ያህሉን ሸፍኖ ይገኛል። የበረዶ ግግር ማለት በየክረምቱ ከሰማይ የወረደው በረዶ በዘመናት ብዛት ተከማችቶ፥ የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ አጠንክሮት፥ ይሁን እንጂ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ የሚፈስስ የበረዶ ወንዝ ማለት ነው። ከዚህ ግግር በተራሮች መካከል እንደ ምላስ የተዘረጉ ብዙ ቅርንጫፎች ወርደው ከጥቁሩ የባሕር ዳር አሸዋ አጠገብ ይደርሳሉ። በበረዶውና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የቀረው ምድር በብዙ ስፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ገበሬው ሣሩን የሚያጭደውና በጎቹን የሚያሰማራው በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ነው። ከበላዩ ደግሞ ኤራይቫዮኩል የሚባለው በበረዶ የተሸፈነ እሳተ ገሞራ ጫፉን እስከ 2,110 ሜትር አንሥቶ ቆሞአል። ይህ ተራራ በ1362 ፈንድቶ በሥሩ የነበረውን የለማ አውራጃ አጠፋው፤ አካባቢው እራይቪ፥ ማለት ምድረ በዳ፥ የሚል ስም የወጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ጠረፍ ከሚኖሩት ገበሬዎች ብዙዎቹ ዛሬ እንግዳ ያሳድራሉ። ነገሩ እምብዛም የቆየ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት የወተትና የበግ ሥጋ ምርት ከአገሩ ፍላጎት በላይ ሆኖ መንግሥት ልክ ባበጀለት ጊዜ፥ ገቢው የጐደለበት ገበሬ ልጆቹ ወደ ከተማ ሲሄዱ ባዶ የቀሩትን ክፍሎች ለመንገደኛ ማከራየትን ሥራዬ ብሎ ያዘ፤ ገበሬዎቹም ለዚሁ ተግባር ማኅበር አቋቋሙ። በ2010 ወደ አይስላንድ የገባው የውጭ አገር ጐብኚ ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት ያነሰ ነበር። በ2018 ግን 2.3 ሚሊዮን ያህል ደረሰ፤ የአገሬው ሕዝብ በዚያን ጊዜ 350,000 ግድም ነበረ። እንግዲህ በግ አርቢው ሳያስበው አልቤርጎ ያዥ ሆነ፤ የከብት ጋጥ የነበረው ቤት ታድሶ መኝታ ቤት ሆነ።

እንግዳው ከበሩ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ይህም የሆቴል ደንብ ሳይሆን የቤት ሥርዓት ነው። ጧት ከገበታ ሲቀርብ ስኪር የሚሉት ወፍራም እርጎ፥ ጥቁር ዳቦ፥ በጢስ የደረቀ የበግ ሥጋና ዓሣ ይጠብቀዋል። በአንደኛው መስኮት በረዶው፥ በሌላው ባሕሩ ይታየዋል። በግንቦት ቢመጣ በጎቹ የሚወልዱበት ወራት ስለሆነ ቁርሱን ያቀረበችለት ባለቤት ሌሊቱን ከበረት ስትመላለስ ማደሯን ከዓይኗ ይረዳል፤ በመስከረም ቢመጣ በጎቹ በየተራራው ከዋሉበት ከከረሙበት የሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ፥ ጐረቤቱም ጭምር፥ ለዚሁ ተግባር ይወጣል። ስለዚህ የእንዲህ ያለው ቤት እንግዳ የሚያድረው በሌሎች ሰዎች የኑሮ ሥራ መካከል ነው። የከፈለው ለአልጋው ነው፤ ያገኘው ግን ከአልጋው ይበልጣል።

ቀድሞ በዚያ አገር እንግዳ መቀበል እንዴት ያለ ነገር እንደ ነበረ ጥንታዊ መጻሕፍታቸው ይናገራሉ። ሃቫማል በሚባለው የጥንት የጥበብ ግጥም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ጉዳያቸው ይኸው የእንግዳና የባለቤት ነገር ነው። ኤይርቢግያ ሳጋ የሚባለው ታሪክ ደግሞ ጌይሪዱር ስለምትባል አንዲት ሴት ያወራል። ይህች ሴት ቤቷን ያሠራችው በአውራ ጎዳናው ላይ አጋድማ ነው፤ መንገደኛ ሁሉ በቤቷ መካከል እንዲያልፍ ማለት ነው። በውስጡም ምግብ የተሰናዳበት ገበታ ሁልጊዜ ተዘርግቶ ለፈለገው ሁሉ ይሰጥ ነበር። (ዛሬ እንዲህ ያለ ቤት ቢሠራ የመጀመሪያው እንግዳ የማዘጋጃ ቤቱ አፍራሽ ጓድ በሆነ ነበር።) ሴትዮዋ በዚህ ሥራዋ እጅግ የተከበረች ሆነች ይላል ታሪኩ።

ይህን የመሰለ ነገር ስናነብ ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ አንድ ፍርድ እንቸኩላለን፤ ይኸውም የጥንቱ መስተንግዶ ከልብ የሆነ፥ የዛሬው ግን በገንዘብ የተበላሸ ነው የሚል ነው። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። በመጀመሪያ ደረጃ የጥንቱም መስተንግዶ ዋጋ ነበረው። በእራይቪ የነበረው ገበሬ በምሥራቅም በምዕራብም ከበረዶው ሥር በሚወጡ ድልድይ አልባ ወንዞች የታጠረ ነበር። በስተ ምሥራቅ ያለው የዮኩልሳ ወንዝ ድልድይ የተሠራለት በ1967 ነው፤ በስተ ምዕራብ ያሉት የስኬይዳራ ሜዳ ወንዞች ተሻግረው ደሴቲቱን የሚዞረው መንገድ የተገጠመው በ1974 ነው። ከዚያ አስቀድሞ መንገደኛ የሚሻገረው ውኃ በለመዱ ፈረሶችና መልካውን በሚያውቁ ገበሬዎች መሪነት ነበር፤ ወንዙ እንቢ ሲል ደግሞ ወደ ላይ ወጥተው በበረዶው ላይ ያሻግሩት ነበር። ወደ እንዲህ ያለ ቤት የመጣ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም፤ ወሬ ይዞ መጥቶአል። ማን እንደ ሞተ፥ ማን እንዳገባ፥ የሱፍ ዋጋ የት እንደ ደረሰ የሚነግረው እርሱ ነው። በአይስላንድ ቋንቋ ሞኝ የሚለው ቃል ቤት ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሞኝ ማለት ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ማለት ነው። ከቤቱ መውጣት ያልቻለ ሰው ከሞኝነት የሚድነው ሌላው ወደ ቤቱ ሲመጣለት ነው። ደግሞም ዛሬ የተቀበለ ነገ በተራው መንገደኛ ይሆናል፤ አውሎ ነፋስ ባሕርና በረዶ ባለበት አገር ተራው የማይደርሰው ሰው የለም።

አሪስጣጣሊስ ይህን አስቀድሞ አስተውሎታል። በኒቆማኮሳዊ የሥነ ምግባር መጽሐፉ ወዳጅነትን በሦስት ሲከፍል፥ አንዱ ለጥቅም፥ አንዱ ለደስታ፥ አንዱ ስለ መልካምነት ብሎ የሚደረግ ነው ይልና የእንግዳንና የአሳዳሪን ወዳጅነት ከመጀመሪያው፥ ከጥቅሙ ወገን ይመድበዋል። ብዙ ሰው ይህ ቃል ጨካኝ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ቅን ነው እላለሁ። ጥቅም ያለበት ነገር ሁሉ ርኩስ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ የጥንቱን ነጻ መስተንግዶ ስናመሰግን ደግነቱን በማን ጫንቃ ላይ እንዳኖርነው ማሰብ ይገባናል። በሩን የሚከፍተውና «ግቡ» የሚለው አባወራው ነው፤ እሳቱን የምታነድደው፥ ውኃውን የምትቀዳው፥ ገበታውን የምታቀርበው፥ እርጥቡን ልብስ የምታደርቀው ግን እመቤቲቱ ወይም ገረዲቱ ናት። የለጋስነቱ ስም ለአንዱ፥ ድካሙ ለሌላዋ ይሆን ነበር። ዛሬ በገበሬው ቤት የእንግዳው ሒሳብ በብዙ ስፍራ በእመቤቲቱ እጅ ነው፤ ለቀደምቶቿ ምስጋና እንኳ ያልተከፈለበት ድካም ለእርሷ የራስዋ ገቢ ሆኖላታል። ይህን ለውጥ ገንዘብ የሠራው በጎ ሥራ ብሎ ያልቈጠረ ሰው ፍርዱ የጐደለ ነው። እንግዳውም ቢሆን ተጠቅሞአል። ከፍሎ የሚያድር ሰው የባለቤቱን ፊት እያየ አይሳቀቅም፤ ድኃውም ሀብታሙም፥ ዘመድ ያለውም የሌለውም ዋጋው አንድ ነው።

ታዲያ ገንዘብ ያመጣው ለውጥ ምንድን ነው? ገንዘብ ሒሳብን ይዘጋል። የወሬው፥ የተራው፥ የውለታው ዋጋ መቼም ተከፍሎ አያልቅም ነበር፤ እንግዳው ከሄደ በኋላም በሁለቱ ሰዎች መካከል አንድ ክር ተዘርግቶ ይቀራል። ገንዘብ ግን ክሩን ይበጥሳል፤ የሚወደደውም ስለዚህ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ገንዘብ መግባቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም፤ በእንግዳና በባለቤት መካከል ካለው ነገር ገንዘብ ሊዘጋው የሚችለው የትኛውን ነው፥ የማይችለውስ የትኛውን ነው? የሚል ነው።

ገንዘብ ከማይዘጋቸው ነገሮች አንዱ እውነት ነው። እንግዳው ጧት ቡናውን እየጠጣ «ዛሬ ወደ በረዶው ዋሻ መሄድ ይቻላልን?» ብሎ ይጠይቃል። የሻጭነቱን ነገር ብቻ ካየነው የባለቤቱ ጥቅም ደንበኛውን ማስደሰት ነው። ደንበኛው ከሩቅ መጥቶአል፤ ያለችው አንዲት ቀን ናት፤ ገንዘቡንም አስቀድሞ ከፍሎአል፤ «አይቻልም» የሚለውን ቃል ለመስማት የከፈለ ሰው የለም። የባለቤትነቱን ነገር ካየን ግን ከእርሱ ጣራ ሥር ያደረ ሰው ነፍስ አደራ ናት። በነሐሴ 2024 በብሬይዳመርኩርዮኩል ግግር ላይ በመሪ ታጅበው ወደ በረዶው በገቡ ጐብኚዎች ላይ በረዶው ተንዶ አንድ ሰው ሞተ፥ አንድም ሰው ቈሰለ። በበጋ የበረዶ ዋሻ እየቀለጠ እንደሚላላና ዋሻ የሚጐበኘው በክረምት መሆኑን የአገሬው ሰው ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። በዚያ ቀን ስለሆነው ነገር መፍረድ የሕግ ሥራ ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመው የጐብኚው ብዛትና ፍላጎት በየወገኑ «ይቻላል» የሚለውን ቃል ምን ያህል ቀላል እያደረገው እንደ ሄደ ማስተዋል ነው። ከዚያ በስተ ምዕራብ ባለው በሬይኒስፍያራ ጥቁር አሸዋ ላይም ማስጠንቀቂያው ተጽፎ እያለ ማዕበል በድንገት እየመጣ ለመታየትና ፎቶግራፍ ለመነሣት የቀረቡ ጐብኚዎችን ወስዶአል፤ የሞቱም አሉ። የባሕሩን ጠባይ የሚያውቅ ሰው በገበታ አጠገብ ቆሞ የሚናገረው አንድ የማይወደድ ቃል በሒሳቡ ወረቀት ላይ አይጻፍም፥ ዋጋም የለውም፤ ነገር ግን ከጠቅላላው መስተንግዶ ይበልጣል። እንግዳውም በበኩሉ «አይቻልም» ሲባል ገንዘቤን መልሱልኝ ከማለት ፈንታ አምኖ መቀመጥ ይገባዋል። ይህ መተማመን ከሁለቱ የአንዱም ሸቀጥ አይደለም።

ሁለተኛው የቤቱ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አልጋ ይከራያል፤ ፈገግታ ግን ይከራያልን? በሆቴል ሲሆን ነገሩ ያለቀለት ነው፤ አስተናጋጁ ሰዓቱ ሲደርስ የሥራ ልብሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በገበሬው ቤት ያለችው ባለቤት ግን የምትሄድበት ሌላ ቤት የላትም፤ እንግዳው የተቀመጠበት ቤት እርሱ ነው። ልጆቿ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያድጋሉ፤ ባልዋ ከበረት ሲመጣ በጓሮ በር ይገባል። ደግሞም ዛሬ ብዙውን ጊዜ ቁርሱን የምታቀርበው የገበሬው ልጅ ሳትሆን ከፖላንድ ወይም ከሌላ አገር ለሥራ የመጣች ወጣት ናት። እንግዳ ተቀባይዋ ራስዋ በአገሩ እንግዳ ናት ማለት ነው። ከፋዩ ሰው በዚህ ጊዜ ማስታወስ ያለበት የከፈለው ለሥራዋ እንጂ ለእርሷ አለመሆኑን ነው፤ ስለ ኑሮዋ በሰውነት ሊጠይቃት ይችላል፤ እንድትመልስለት ግን አልገዛትም።

ኢማኑኤል ካንት በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም ባሳተመው ድርሰት ውስጥ እንግዳን መቀበል የደግነት ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው ብሎአል። ምድር ክብ ስለሆነች ሰዎች ያለ ልክ ሊራራቁ አይችሉም፤ አንዱ ከሌላው ደጅ መድረሱ አይቀርም፤ ስለዚህ በሰላም የመጣ እንግዳ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባውም፤ ይሁን እንጂ መብቱ የመጐብኘት እንጂ የመሠልጠን አይደለም። ካንት ይህን ሲጽፍ በዘመኑ የነበሩትን የአውሮፓ መንግሥታት በብርቱ ወቅሶአል፤ ለእነርሱ መጐብኘት ማለት ድል አድርጎ መያዝ ነበርና። በዛሬው ጐብኚና በዚያን ጊዜው ቅኝ ገዢ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ነገር ግን ሰው በገንዘቡ ብዛት ከባለቤቱ በላይ ባለቤት የሆነበት አዝማሚያ ከዚያው ዘር የተቀዳ ይመስለኛል። በ2015 አንድ ታዋቂ ዘፋኝ በአይስላንድ ደቡብ ፍያድራርግልዩፉር በሚባል ገደል የዘፈን ፊልም ካስነሣ ወዲህ የጐብኚው እግር ስለ በዛ፥ ለማደግ እጅግ ብዙ ዓመት የሚፈጅበት የድንጋይ ሽበት ተረግጦ እንዳይጠፋ ገደሉ በ2019 ለጊዜው መዘጋት ግድ ሆነበት። እያንዳንዱ ጐብኚ የረገጠው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም «እኔ ምን አጠፋሁ» ለማለት ይችላል።

ይህም ከሁሉ ወደሚከብደው፥ ወደ በረዶው ወደ ራሱ ያደርሰናል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ታሪክ የሚገርም ነውና። ለቀድሞው ገበሬ በረዶው ጠላት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም የብሬይዳመርኩር ግግር እየገፋ ወርዶ ከጥንት ጀምሮ ሰው ይኖርባቸው የነበሩትን ርስቶች ዋጠ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጫፉ ወደ ባሕሩ በጣም ቀርቦ መንገዱን ሊቈርጠው ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን በረዶውን ለማየት ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር እብድ በተባለ። በኋላ ግን በረዶው ማፈግፈግ ጀመረ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከለቀቀው ጕድጓድ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ ዮኩልሳርሎን የሚባለው ሐይቅ ብቅ አለ፤ እየሰፋም ሄዶ ዛሬ ጥልቀቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ከግግሩ እየተገነጠሉ የሚወድቁት የበረዶ ጕማጆች በሐይቁ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ወደ ባሕሩ ወርደውም ማዕበሉ በጥቁሩ አሸዋ ላይ መልሶ ሲተፋቸው በፀሐይ ያንጸባርቃሉ። ጐብኚ ከየአገሩ የሚጐርፈው ይህን ለማየት ነው። እንግዲህ አያቱ የፈራው በረዶ ለልጅ ልጁ እንጀራው ሆነ፤ ያን ውበት የፈጠረው ግን መቅለጡ ነው። የአካባቢው ገበሬ የሚኖረው ከሚያልቅ ነገር ገቢ ነው፤ ይህንንም ያውቃል።

የማለቁ ምልክት በየስፍራው ይታያል። በኅዳር 1996 ከበረዶው ሥር በፈነዳ እሳተ ገሞራ ምክንያት በስኬይዳራ ሜዳ የወረደው ጐርፍ የብረትና የሲሚንቶ ድልድዮችን ጠራርጎ ወስዶ ነበር። ሠርቶ አደሩ መንገድ መልሶ ተሠራ፤ ነገር ግን ግግሩ ወደ ኋላ ስለ ሸሸ በ2009 የስኬይዳራ ወንዝ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ሌላ ወንዝ ገባ፤ ከ800 ሜትር በላይ የሆነው ረዥም ድልድይም ውኃ በጐደለው አሸዋ ላይ ቀረ። በ2017 በአጠገቡ አጭር ድልድይ ሠርተው መንገዱን ወደዚያ አዛወሩት። በአገሩ ምዕራብ ያለው ኦክ የተባለው ትንሽ ግግር ደግሞ መንቀሳቀስ እስኪያቅተው ድረስ ስለ ሳሳ በ2014 ግግር ከመባል ተሰረዘ፤ በነሐሴ 2019 ሰዎች ወደ ተራራው ወጥተው እንደ ሙታን መታሰቢያ ያለ የመዳብ ጽላት አቆሙለት።

በረዶውን የሚያቀልጠው ከሰው ልጅ እሳት የሚወጣው ጭስ፥ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ፥ የምድርን ሙቀት ከፍ ስላደረገው ነው። በ2018 የብሬመንና የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያሉበት ቡድን አስልቶ እንዳሳተመው፥ አንድ ኪሎ ግራም የዚህ ጋዝ ወደ አየር ሲለቀቅ በረዥም ዘመን ውስጥ 15 ኪሎ ግራም ያህል የተራራ በረዶ ያቀልጣል። ውቅያኖስ ተሻግሮ በአውሮፕላን የመጣ መንገደኛ ከጭሱ የሚደርሰው ድርሻ በመቶ ኪሎ ግራሞች የሚቈጠር ነው። ማባዛቱን ለአንባቢ እተዋለሁ። እንግዳው ሊያየው የመጣው ነገር በመምጣቱ ይጐድላል። በሐይቁ ዳር ቆሞ እያደነቀ ያለ ሰው ሁሉ፥ መጠኑ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፥ የሚያደንቀውን ነገር እየበላ ነው።

ይህን ዕዳ በሒሳቡ ውስጥ ለማስገባት ተሞክሮአል። የአይስላንድ መንግሥት በ2012 በየአዳሩ የሚከፈል ቀረጥ አውጥቶ፥ በወረርሽኙ ዘመን አቋርጦ፥ በ2024 መልሶ ጀምሮታል። ቀረጡ መንገድ ይጠግናል፥ መጸዳጃ ቤት ያሠራል፤ ይህም ደግ ነው። በረዶን ግን አይሠራም። ከዚህም በላይ ገንዘቡ የሚደርሰው ለትክክለኛው ባለ ዕዳ አይደለም። ኸፕን በምትባለው የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የሆነውን እንመልከት። የበረዶው ክብደት ሲቀንስ፥ ተጭኖት የነበረው መሬት እንደ ተነሣ ሸክም ቀና እያለ ነው፤ በዚያም የባሕር ዳር ምድሩ በየዓመቱ በሴንቲ ሜትር በሚቈጠር መጠን ከፍ ይላል። የወደቡ መግቢያ ድሮም ጥልቀቱ ያነሰ ስለ ነበረ ከፍታው ለመርከቦቹ አሳሳቢ ሆኖአል። ይህ ዓሣ አስጋሪ እንግዳ አላሳደረም፤ ከእንግዳውም አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ያልተወለደውም የገበሬው የልጅ ልጅ እንደዚሁ ነው። በባለቤትና በእንግዳ መካከል የተዘጋ ሒሳብ በእነዚህ በሁለቱ ስም ሊዘጋ አይችልም፤ ሲዋዋሉ አልነበሩምና።

እንግዲህ መሄድ ይቅር ልንል ነውን? ይህ መልስ በቀላሉ የሚመጣና ንጹሕ የሚመስል ነው፤ እኔ ግን ከሁለት ነገር የተነሣ ሙሉ በሙሉ አልወደውም። አንደኛ፥ እንግዳው የቀረ እንደ ሆነ በረዶው አይመለስም፤ የገበሬው መስኮት ግን ይጨልማል። በ2020 ወረርሽኙ መንገዱን ሲዘጋው በዚያ ጠረፍ የነበሩት የእንግዳ ቤቶች ባዶ ሆነው መክረማቸው ይታወሳል፤ የእንግዳው ገቢ ሲታጣ ወጣቱ ከመሬቱ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት ይጠፋል። ሁለተኛ፥ የበረዶውን መሞት የሚያውቀው ከጋዜጣ ብቻ የሆነ ሰው ያዝንለታል ማለት ዘበት ነው፤ ሰው የሚሳሳው ላየው ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን «ለማየትና ለመማር ነው የሄድኩት» የሚለው ምክንያት ስንቱን የሥራ ፈት ጉዞ እንደሚሸፍን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የጉዞ አበል የፈረመ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ በአካሄዱ ላይ ነው። በሰባት ቀን ሰባት ቤት የሚያድርና በአንድ ቤት ሰባት ቀን የሚያድር ሰው የከፈሉት ሒሳብ እኩል ሊሆን ይችላል፤ እንግድነታቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የባለቤቲቱን ስም ሳይዝ ይሄዳል፤ በመኪናው ሲባዝን የሚውልበት መንገድም ይበዛል። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ከየት ሲመጣ ባለቤቱ ወደ በረት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ በአምስተኛው ቀን ከወደ ተራራው ያለው ጥቁር መስመር በአባቱ ዘመን የበረዶው ጫፍ የነበረበት መሆኑን ይነግሩታል። የመጀመሪያው በየዓመቱ ሌላ አገር፥ ሌላ ተራራ ይለዋውጣል። ሁለተኛው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሄደበትን ሲያስታውስ ይኖራል፤ አውሮፕላንም አያበዛም። አንድ ጊዜ ሄዶ መቈየት እየተመላለሱ ከመንጠቅ ይሻላል የምለው ለደስታው ብዬ ብቻ ሳይሆን ከላይ የተናገርሁትን የጭሱን ሒሳብ ይዤ ነው።

ባለቤቱም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም፤ በሥዕል አሳምሮ የጠራው እርሱ ነውና። በዚህ ረገድ የዚያ ጠረፍ ሰዎች ያላቸው አንድ ልማድ ሊነገርላቸው ይገባል። ዮን ኤይቶርሶን የተባለው የአየር ጠባይ ሊቅ በ1930 የግግሮችን ጫፍ በየዓመቱ የማስለካት ሥራ ጀመረ፤ በ1950 የተቋቋመው የአይስላንድ የበረዶ ግግር ጥናት ማኅበርም ሥራውን እስከ ዛሬ ቀጥሎበታል። የሚለኩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በግግሩ ሥር የሚኖሩ ገበሬዎች አሉበት። አንዳንዱ ቤት ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፎታል። መከር ሲገባ በጎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ገበሬው ከተተከለው ምልክት ተነሥቶ እስከ በረዶው ጫፍ ድረስ ያለውን ርቀት ይለካል፤ ቍጥሩንም ጽፎ ለማኅበሩ ይልካል። እንዲህ ባለ ቤት ያደረ እንግዳ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ዘንድሮ ስንት ሜትር ሆነ? ብሎ መጠየቅ። ባለቤቱ መዝገቡን አውጥቶ የሚያሳየው ከሆነ ከመቀመጫው አለመነሣት ነው፤ መኪናው ይቈይ።